የበልጋችን ነገር ከውቅያኖስ ምርምር ጋር ምን ያገናኘዋል?

የጢጣ መምህር

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ለሚኖር የደሴ ሰው የማይመለከተው ሊመስል ይችላል፤ የውቅያኖስ ሳይንስ ምርምር ነው። ይህ ምርምር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ ወዴት እያመራ እንደሆነና እኛም በውስጡ ድርሻ ሊኖረን ይገባ እንደሆነ አብረን እንድንመክርበት እፈልጋለሁ። ዓመታቱን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የደጋው ገበሬያችን በበልግ ገብስና ምስር ያመርታል፤ የቆቦና የቃሉ ገበሬ ደግሞ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጀውን ማሽላውን በበልጉ እርጥበት ይዘራል። የሁለቱም ዝናብ የሚነሣው ከሩቅ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን፣ በክረምት ደግሞ በምዕራብ በኩል ከአትላንቲክ ጭምር እየተነዳ ይመጣል። በዚህ ላይ በፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ያለው ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲከሰት፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይጎድላል። በ2015 በልጉ ሳይሆን ቀርቶ ክረምቱም ዘግይቶና ተቆራርጦ ሲመጣ ያየነው ይህንኑ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከ10 ሚሊዮን በላይ መድረሱን የማያስታውስ የለም። (በ1966ቱና በ1977ቱ ዓ.ም. ረሃብ ግን ውቅያኖስን ብቻ መክሰስ አይገባም። የዝናብ መቅረት ድርቅ ያመጣል፤ ድርቁን ረሃብ የሚያደርገው ሌላም ብዙ ነገር ነው፤ ይህን የወሎ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።)

ወደ ምርምሩ ልመለስ። ዘመናዊው የውቅያኖስ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን እየዞረች ጥልቀትና ሙቀት ከለካችበት ጉዞ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል መርከብ ያልደረሰበት ባሕር ሳይለካ ይቀር ነበር። ይህን የለወጡት ከ2000 አካባቢ ጀምሮ ወደ ባሕር የሚጣሉት፣ አርጎ የሚባሉት ተንሳፋፊ መለኪያዎች ናቸው፤ ዛሬ 4000 ያህሉ በዓለም ውቅያኖሶች ተሠራጭተዋል። ሳተላይቶችም ከ1992 ጀምሮ የባሕሩን ከፍታ በሴንቲ ሜትሮች ልዩነት ሳያቋርጡ ይለካሉ። የዓለም ሙቀት መጨመር ካመጣው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ያህሉ ውቅያኖስ ውስጥ መግባቱን ዛሬ የምናውቀው በእነዚህ ልኬቶች ነው። በሌላ በኩል በዘመናዊ መሣሪያ ካርታው የተነሣ የባሕር ወለል በ2025 አጋማሽ ገና 27 በመቶ ገደማ ነበር። የዩኔስኮ የውቅያኖስ ኮሚሽን በ2020 ባወጣው ሪፖርት ደግሞ አገሮች ከምርምር በጀታቸው ለውቅያኖስ የሚመድቡት በአማካይ 1.7 በመቶ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የመለኪያው መረብ በጥቂት አገሮች ኪስ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የአርጎን መለኪያዎች ግማሽ ያህል የምታቀርበው አሜሪካ ብቻዋን ናት፤ በ2025 ለቀጣዩ ዓመት በቀረበው የበጀት ረቂቅ ደግሞ የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የምርምር ክንፍ ጨርሶ እንዲታጠፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ረቂቅ ገና ሕግ አይደለም፤ ሆኖም ዘንድሮ የተረፈ ነገር ለከርሞ ዋስትና የለውም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የእኛዎቹ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር፣ የውቅያኖስን መረጃ የሚያነብና የሚተነትን ሰው ማፍራት አለባቸው እላለሁ። መርከብ ይገዛ አላልኩም። ምን ትላላችሁ?

ወረባቦ

መምህር፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ሆኖም ነገሩን ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው የሚሰጠው መልክ ሌላ ነው። እኔ በቆላማ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። የወቅቱ ትንበያ ከላይ ወርዶ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ቁጥሮች ሆኖ ነው፤ ከመደበኛ በላይ 20፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 45 በመቶ የሚል ዓይነት። ይህንኑ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሳነብ አንድ አዛውንት እስከ መጨረሻው በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ ያለኝ አንድ ጥማድ ነው፤ አርባ አምስቱን እጅ ልተወውና ሌላውን ልዝራው ነው የምትለኝ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም።

የእኛ ገበሬ በሚያዝያ የሚወስነው ነገር አንድና ግልጽ ነው። ረጅሙን ማሽላ አሁን ይዘራል ወይስ በልጉን አሳልፎ በሐምሌ ጤፍ ወይም እንደ ጎብዬና አብሽር ያለ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዝርያ ይዘራል? ይህን ለመወሰን የሦስት ወር ድምር ዝናብ ምንም አይጠቅመውም። ዝናቡ መቼ እንደሚጀምር፣ ከጀመረ በኋላም ዘሩ በቅሎ ሳለ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ይቋረጥ እንደሆነ ነው ማወቅ የሚፈልገው። ድምሩ «መደበኛ» ሆኖ፣ ዝናቡ ግን ሁሉም በሁለት ዶፍ ወርዶ ያለቀበት በልግ አይተናል። በወረቀት ላይ ትንበያው ሠመረ፤ በማሳው ላይ ዘሩ ጠፋ።

እንግዲህ ያለችን ጥቂት ገንዘብ ወደ ውቅያኖስ ከምትሄድ በየቀበሌው የዝናብ መለኪያ ይተከልባት ባይ ነኝ። ጎረቤት ቀበሌ ዘንቦ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል የሚቀርበት ተራራማ አገር ውስጥ ስንኖር፣ ከኮምቦልቻ ጣቢያ በተገኘ ልኬት ስለ ሁላችንም ይነገራል። በቅርባችን ያለውን ሳንለካ ስለ ፓስፊክ መጨነቅ ቅንጦት ይመስለኛል።

ቦርከና

ለወረባቦው ወንድማችን በቅድሚያ ምስጋና ይድረሰው፤ የትንበያን ችግር ከዚህ በተሻለ መግለጽ አይቻልም። እኔ በሜትሮሎጂ ሙያ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ቅሬታው ትክክል ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ለምን እንደማያስማማኝ ላስረዳ።

አርጎ የምንለው መሣሪያ ቁመቱ ከአንቴናው ጋር የአንድ ሰው ያህል የሆነ የብረት ቱቦ ነው። ወደ 1000 ሜትር ጥልቀት ወርዶ ከውኃው ጋር ለቀናት ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ወደ 2000 ሜትር ይወርድና እየወጣ ሳለ የየጥልቀቱን ሙቀትና ጨዋማነት ይለካል። የሚቀዝፍ ሞተር የለውም። ከሆዱ ዘይት ወደ ውጭ ፊኛ ሲገፋ ክብደቱ ሳይለወጥ መጠኑ ይሰፋል፤ በዚህ ምክንያት ይወጣል፤ ዘይቱን መልሶ ሲስብ ይሰምጣል። ወደ ላይ ሲደርስ የለካውን በሳተላይት ልኮ እንደገና ይወርዳል፤ አንዱ ዙር 10 ቀን ይፈጃል። መረጃውን በሰዓታት ውስጥ፣ ደሴ ያለ ተማሪም ቢሆን፣ በነፃ ሊያገኘው ይችላል። አዳዲሶቹ እስከ 6000 ሜትር የሚወርዱ አሉ፤ ኦክስጅንን፣ አሲዳማነትንና ንጥረ ምግብን የሚለኩም አሉ። የውቅያኖስ ምርምር መጪ መንገድ በዋናነት ይህ ነው። ሰው የሌለባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ክረምት ከበጋ የማይመለሱ መሣሪያዎች ናቸው። መርከብ ግን አሁንም የግድ ነው፤ መሣሪያዎቹን የሚጥላቸውና በአስተማማኝ ልኬት የሚያስተካክላቸው እሱ ነውና።

አሁን ወደ ትንበያው። ትንበያ የሚሠራው ኮምፒውተር የወደፊቱን ከማስላቱ በፊት የዛሬውን ማወቅ አለበት። የአየሩ ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትዝታው ይጠፋል፤ የውቅያኖሱ ሙቀት ግን ለወራት ይቆያል። የወቅት ትንበያ የሚባል ነገር ሊኖር የቻለው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በ1982 እና በ1983 የተከሰተው ታላቅ ኤልኒኖ ሊያይል ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በወጉ ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ ትምህርት ተወስዶ በፓስፊክ ወገብ ላይ 70 ያህል በመልሕቅ የታሰሩ የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ሥራው በ1994 ተጠናቀቀ። ነገር ግን ጣቢያዎቹን የምትጠግነው መርከብ በ2012 ከአገልግሎት ስትወጣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጣቢያዎቹ የሚገኘው መረጃ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ያ የሆነው እኛን የጎዳን የ2015ቱ ኤልኒኖ ሊመጣ ባለበት ሰዓት ነው። መምህሩ «መረቡ በጥቂቶች ኪስ ላይ ተንጠልጥሏል» ያሉት ማጋነን አይደለም።

ወረባቦ ያነሣው ቅሬታ ሥሩ የት ላይ እንደሆነ ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። ኤልኒኖን የሚተነብዩ ሞዴሎች በሙሉ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ተሻግረው ለማየት ይቸገራሉ፤ ፓስፊክ በእነዚያ ወራት ወዲህም ወዲያም ሊያዘነብል የሚችል ሆኖ ይቆያልና። የክረምት ትንበያችን የሚዘጋጀው ደግሞ ልክ በዚያው ወቅት ነው። በልግ ይብሳል። በምሥራቅ አፍሪካ ከሁሉም ይልቅ ለትንበያ የሚያስቸግረው የመጋቢትና የግንቦት መካከል ዝናብ ነው። የዝናቡ አዝማሚያ ካለፈው ክፍለ ዘመን 80ዎቹ ወዲህ ወደ መቀነስ ሲያመለክት፣ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ወደፊት እንደሚጨምር ይናገራሉ። ይህ ተቃርኖ በሙያው ውስጥ የታወቀና እስከ ዛሬ ያልተፈታ ነው። አንዳንዶች መንሥኤውን በምዕራብ ፓስፊክ መሞቅ ላይ ያደርጉታል፤ አንዳንዶች የሞዴሎቹ ሕንድ ውቅያኖስ ከእውነተኛው ስለሚለይ ነው ይላሉ። መልሱ ያለው ባሕሩ ውስጥ ነው፤ ዝናብ መለኪያ በየቀበሌው መትከል የደረሰብንን በትክክል ይነግረናል እንጂ የሚመጣውን አይነግረንም።

የሐይቅ ዳር

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ግን ውኃ እናጥና ካልን ከአጠገባችን ያለውን እናስቀድም ባይ ነኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስን ለመሳለም ከመላ አገሪቱ ሰው ይመጣል፤ ሐይቁ ራሱ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት እንዳለውና መውጫ ወንዝ እንደሌለው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ የወረደበትን ሁሉ ያጠራቅማል። ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርድ ቆሻሻ፣ ከተራራው የተሸረሸረ አፈር ሁሉ መድረሻው እሱ ነው። የዓሣው ምርት እየቀነሰ መሄዱን አስጋሪዎቹ በየዕለቱ ይናገራሉ፤ ጥልቀቱን ተከትሎ ኦክስጅኑን በየወሩ ሳያቋርጥ የሚለካ ሰው ግን አላየሁም። ተመራማሪ ከውጭ ይመጣል፤ ጀልባ ተከራይቶ ናሙናውን ወስዶ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ጽሑፉ በውጭ መጽሔት ይወጣል። ውቅያኖሱ ላይ ድርሻ ይኑረን ከማለታችን በፊት በገዛ ሐይቃችን ላይ ያለን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ብንጠይቅ ምን ይለናል?

የጢጣ መምህር

የሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ ከልብ እስማማለሁ፤ ግን ሁለቱን ለምን እናጣላቸዋለን? አንድ የውቅያኖስ ተመራማሪ የሚይዘው መሣሪያ፣ ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና ኦክስጅንን በየጥልቀቱ የሚለካው፣ በሐይቅ ላይም ያው ነው። በሐይቅና በአርዲቦ የሠለጠነ ወጣት ነገ በቀይ ባሕር ላይ ለመሥራት እንግዳ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ከሁለቱ ሐይቆች ግርጌ የወጣው ደለል ለውቅያኖስ ሳይንስ ራሱ ምስክር ሆኖ ያገለግላል። በደለሉ ውስጥ በተነባበረው የአበባ ዱቄትና በጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት አማካይነት አካባቢያችን በሺዎች ዓመታት ውስጥ መቼ እንደ ደረቀ፣ መቼ እንደ ረጠበ ይነበባል፤ ያ ደግሞ ከባሕር ወለል ከሚወጣው ደለል ጋር እየተነጻጸረ የውቅያኖሶች መሞቅና መቀዝቀዝ በእኛ ላይ ምን እንዳመጣ ያሳያል። መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት ስለነበረው ዘመን ካሉን ምስክሮች አንዱ ይህ ነው።

ባቲ

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። ጽሑፉን ግን ሰመራ ላይ ቆሜ በስልኬ እስከ ታች አነበብኩት። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ውቅያኖስ ከእኛ ሩቅ ነው የምትሉ ሰዎች ከባቲ ቁልቁል ወርዳችሁ አፋርን እዩ። በ2005 መስከረም ላይ በዳባሁ በኩል ምድር ተሰነጠቀች ሲባል እኛ የመንገዱ ሰዎች መጀመሪያ በወሬ ነበር የሰማነው። በኋላ አንድ ከውጭ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር የሠራ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰው አሳፍሬ ስሄድ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፤ ከሥር የገባው የቀለጠ ዐለት ነው። ይህ ዓይነቱ ነገር ሌላ ቦታ የሚሆነው ከባሕር በታች በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ስለሆነ ሰው ሊያየው አይችልም፤ አፋር ላይ ግን በእግር ሄዶ ይለካል። የውቅያኖስ ወለል እንዴት እንደሚፈጠር ለማወቅ ዓለም ወደ እኛ እየመጣ ከሆነ፣ እኛ በዚህ ሳይንስ ውስጥ ድርሻ የለንም እንዴት ይባላል?

ሁለተኛ፣ መምህሩ «መርከብ ይገዛ አላልኩም» ብለዋል። መርከብማ አለን! ባሕር የሌለን አገር ሆነን እንኳ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ የጭነት መርከቦች ጅቡቲ ሲገቡ፣ ሲወጡ በዓይኔ አያለሁ። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳሉ። እኔ ሳላውቅ እየተናገርኩ ሊሆን ይችላል፤ ግን እነዚያ መርከቦች በሚያልፉበት መንገድ አንድ ሁለት መለኪያ ጣል ማድረግ ይከብዳቸዋል?

ቦርከና

ጋሼ ባቲ፣ አልተማርኩም ያሉት ሰው በዚህ ክር ላይ ከሁላችንም የሚሻለውን ሐሳብ አመጡ። ይህ የሚሠራበት ነገር ነው። የንግድ መርከቦች በፈቃደኝነት የአየርና የባሕር ልኬት እየመዘገቡ የሚልኩበት ሥርዓት በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አስተባባሪነት ከቆየ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከመርከቡ ጎን ወደ ባሕር የሚጣል፣ በቀጭን ሽቦ እየተፈታ ሙቀቱን የሚልክ መለኪያም አለ፤ የአርጎ መሣሪያዎችንም የንግድ መርከቦች ሲጥሉ ኖረዋል። መርከቧ መቆም እንኳ አያስፈልጋትም።

ለእኛ የተለየ ትርጉም የሚኖረውም ለዚህ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሶማሊያ ጠረፍ የባሕር ላይ ዘረፋ ሲበረታ የምርምር መርከቦች ወደዚያ መቅረብ አቆሙ። በሕንድ ውቅያኖስ ሊተከሉ ታቅደው ከነበሩት የመልሕቅ ጣቢያዎች በምዕራቡ በኩል ያሉት ለዓመታት ዘገዩ፤ ክፍተቱን ለመሙላት የአውስትራሊያ የባሕር ኃይል መርከብ ሳይቀር አርጎዎችን መጣል ነበረባት። እንግዲህ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ልኬቱ የሳሳው ለእኛ ዝናብ ከሁሉም በሚቀርበው ማዕዘን ነበር ማለት ነው። በዚያ ማዕዘን የሚያልፍ፣ በባሕር ዳር የሠለጠኑ የኢትዮጵያ የባሕር መኮንኖች ያሉበት መርከብ ልኬት ቢልክ፣ ለዓለም ውለታ መዋል ብቻ ሳይሆን የራስን ትንበያ ማሻሻል ነው።

ጋራዶ

ከሕግ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 238 ሁሉም አገሮች፣ መልክዓ ምድራዊ አቀማመጣቸው ምንም ይሁን ምን፣ በባሕር ላይ ሳይንሳዊ ምርምር የማካሄድ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህም ወደብ አልባ አገሮችን ይጨምራል። ከዚህ የሚበልጠው አንቀጽ 254 ነው። በአንድ ጠረፋማ አገር የባሕር ክልል ምርምር ሊያደርግ ያሰበ አካል ለጎረቤት ወደብ አልባ አገሮችም እንዲያሳውቅ፣ እነሱም ሲጠይቁ በተቻለ መጠን በምርምሩ የሚሳተፉበትን ዕድል እንዲሰጥ ያዛል። ዕድሉ የሚሰጠው ግን አገሩ ለሚመድባቸው «ብቁ ባለሙያዎች» ነው። ባለሙያ ከሌለ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የመምህሩም ክርክር ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1982 ፈርማለች፤ መፈረምና ማጽደቅ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

አዲሱም ስምምነት አለ። ከአገሮች ክልል ውጭ ያለውን የባሕር ብዝኃ ሕይወት የሚመለከተው ውል በሰኔ 2023 ተቀባይነት አግኝቶ፣ 60 አገሮች ካጸደቁት በኋላ በጥር 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ከውሉ ዐበይት ክፍሎች አንዱ ታዳጊ አገሮች በባሕር ሳይንስ አቅም እንዲገነቡና ቴክኖሎጂ እንዲያገኙ የሚመለከት ሲሆን የወደብ አልባ አገሮችንም ፍላጎት በስም ይጠቅሳል። የምንጠይቅበት በር አለ፤ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ግን በግልጽ መለየት አለበት። ሜትሮሎጂ፣ ማሪታይምና ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ጊዜ እንዳያልፍ እሰጋለሁ።

ወረባቦ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከአቋሜ ፈቀቅ ያልኩት ጥቂት ነው፤ ያስታወሳችሁኝ ነገር ግን አለ። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ላይ አንበጣው ሲመጣ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ማሽላው እሸት ይዞ፣ ጤፉ አሽቶ ሳለ ነበር የወረደብን። ሴቱ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ወንዱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ልጆች ነጠላ እያራገቡ ከአንዱ ማሳ ሲያባርሩት ሌላው ላይ ያርፋል፤ አመሻሹ ላይ ከአገዳው በቀር የቀረ አልነበረም። ያኔ «ከየት መጣብን?» ብለን ስንጠይቅ፣ ነገሩ የጀመረው በ2018 ሁለት ዝናብ የተሸከሙ ዐውሎ ነፋሶች ከዐረብ ባሕር ተነሥተው የዐረቢያን በረሃ ስላረጠቡትና አንበጣው ማንም ሳያየው እዚያ ስለተራባ ነው ተባልን። በ2019 መጨረሻ ደግሞ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ከወትሮው ሞቆ ስለነበር በአፍሪካ ቀንድ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ መንጋው ያንን ተከትሎ በዛ። ከባሕር የተነሣው ነገር ሁለት ዓመት ተጉዞ የእኛን ማሳ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገበሬው ከአንድ ወር በፊት ቢያውቅ ኖሮ የደረሰውን ቶሎ ያጭድ ነበር።

ስለዚህ ባሕሩ ይለካ፤ አልቃወምም። ነገር ግን ለአዛውንቱ የምመልሰው አሁንም የለኝም። ውቅያኖሱን የምታጠኑ ሰዎች ጥናታችሁ በሚያዝያ መጀመሪያ «ዝሩ» ወይም «ጠብቁ» ለማለት የሚያበቃ እስኪሆን ድረስ ሥራችሁን አልጨረሳችሁም።

የኮምቦልቻ ተማሪ

በጣም የተማርኩበት ውይይት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን ርዕስ ገና አልመረጥኩም። ያለ ገንዘብና ያለ መርከብ፣ በላፕቶፕ ብቻ፣ ወረባቦ የጠየቁትን ጥያቄ የሚነካ ጥናት መሥራት ይቻላል? የት ልጀምር?

ቦርከና

ይቻላል፤ አብሽር። በመጀመሪያ የየዕለቱን የዝናብ መዝገብ ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ጠይቂ ወይም ጠይቅ፤ ኮምቦልቻ ለአሥርተ ዓመታት የተመዘገበ ልኬት ካላቸው ጣቢያዎች አንዱ ነው። የወርና የወቅት ድምር አትውሰድ። ከየዕለቱ መዝገብ ሦስት ነገር አውጣ፤ በልጉ በእርግጥ የጀመረበትን ቀን፣ ከጀመረ በኋላ የነበረውን ረጅሙን የዝናብ መቋረጥና የዝናቡን ማብቂያ ቀን። የአዛውንቱ ጥያቄ ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የባሕሩን ጎን ያዝ። የውቅያኖስ ገጽ ሙቀት ለረጅም ዘመን የተጠናቀረ በነፃ ይገኛል፤ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ከገጹ በታች ያለውን የአርጎ ልኬት መጨመር ይቻላል። የብዙዎች ጥናት ገጹን ብቻ ያያል፤ ከሥር እስከ 200 ሜትር ያለው ሙቀት ግን ለሚመጡት ሳምንታት የሚናገረው የተለየ ነገር ሊኖረው ስለሚችል እሱን አትለፈው። በጥር የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓስፊክ ሙቀት ልዩነት የበልጉን መጀመሪያ ቀን ያመለክት እንደሆነ ፈትሽ።

አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። የአርጎ ዘመን ገና ሩብ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው፤ በዚህ ውስጥ በእርግጥ የከሸፉት በልጎች ጥቂት ናቸው። በጥቂት ዓመታት ላይ ብዙ ማነጻጸሪያ ከሞከርክ በአጋጣሚ የሚገጥም አንድ ነገር አታጣም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የተወሰኑ ዓመታትን ለብቻቸው አስቀምጥና ዝምድናውን ካገኘህ በኋላ በእነሱ ላይ ሞክረው። ሳይሠራ ከቀረም ያልሠራውን እንዳለ ጻፈው፤ በበልግ ላይ የከሸፈ ሙከራ ሳይታተም እየቀረ ስንቱ ሰው አንዱን ስሕተት ደጋግሟል። መዝገቡን ስታገኝ እዚሁ ክር ላይ ጻፍልን፤ የወረባቦን ቀበሌ ከኮምቦልቻ ጋር የሚያነጻጽር የዝናብ ልኬት ቢኖር ደግሞ ከእሳቸው ብትጠይቅ መልካም ነው።

ወረባቦ

በእኛ ጣቢያ በእጅ የተመዘገበ የአምስት ዓመት ያህል ደብተር አለ፤ መሐሉ ላይ የጎደሉ ወራት አሉበት። ፎቶ አንሥቼ እልካለሁ።